ለፉላኒው የወጣው ወንበር

ፔላጂ ሳኑ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የማሽላ ጠላ ጠምቃ ትሸጣለች፤ ጠላውን እኛ ዶሎ እንለዋለን። በዳንኮሮሶ መንደር ከእሷ የተሻለ ዶሎ የሚጠምቁ ሁለት ሴቶች አሉ፤ ይህን እሷም አትክድም። ሆኖም በገበያ ቀን የሚሞላው የእሷ ዳስ ነው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ግማሹ ለዶሎው፣ ግማሹ ደግሞ ፉላኒ ስትሰድብ ለመስማት ነው።

እኛ ገበሬዎቹ ቦቦዎችና ከብት አርቢዎቹ ፉላኒዎች የቀልድ ዘመዳሞች ነን። ነገሩ ከቅድመ አያቶች የመጣ ነው። ቦቦው ፉላኒውን መንገድ ላይ ሲያገኘው «አንተ የኔ ሎሌ፣ ላሞቼን የት ጥለህ መጣህ?» ይለዋል፤ ፉላኒውም «ጌታዬ፣ ያ የትናንቱ ዶሎ እስካሁን ከራስህ አልወረደም?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጤና የሚጠያየቁት። በዚህ ስድብ የተቆጣ ሰው አንድ ዶሮ ይቀጣል። ፔላጂ በሕይወቷ አንድም ዶሮ ተቀጥታ አታውቅም። አሥራ ሰባት ግን ተቀብላለች፤ አሥራ ስድስቱን ከከተማ ለሥራ ከመጡ ወጣት ፉላኒዎች፣ አንዱን ከአንድ የጉምሩክ ሹም።

በገበያው ውስጥ ከጎኗ የምትቀመጠው ኩምቦ ናት፤ የሳምቦ ሲዲቤ ሚስት፣ ወተት ሻጭ። ሳምቦ ከመንደራችን በታች በወንዙ ዳር ያለው የፉላኒዎች ሰፈር አለቃ ነው። ሁለቱ ሴቶች ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ገና ዕቃቸውን ሳይዘረጉ ይጀምራሉ።

«ኩምቦ፣ ዛሬስ ወተቱ ውስጥ ስንት ባልዲ ውሃ ጨመርሽበት?»

«እኔ የጨመርኩት ያንቺን ዶሎ ነበር። ውሃ መሆኑን ያወቅሁት ከጨመርኩ በኋላ ነው።»

የፔላጂ ባል ላዛር የሞተው ከኮሮና ወረርሽኝ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ፔላጂ ሁለት ቀን ሙሉ ስታለቅስ እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን፣ በቀብሩ ዕለት፣ ሳምቦ መጣ። ሟቹ ከራሱ የማይለየውን ቀይ ኮፍያ ከግድግዳው ላይ አውርዶ ደፋ፣ የሟቹ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ እንደ ሟቹም አንድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ጮኸ። «አንቺ ሴት! ዶሎው የታለ? ሞተ ብለሽ ነው የምታስጠሚኝ?» ፔላጂ ሳቀች፤ ሳቁ አላቆም ብሏት ሴቶች ደግፈው ያዟት። ሳምቦን ይህም አልበቃውም፤ መቃብሩ ተቆፍሮ ሲያልቅ ወርዶ ተጋደመበትና ዶሎ ካልቀረበለት እንደማይነሳ አስታወቀ። የቀልድ ዘመድ ወግ ነውና ዶሎው በቅል ወረደለት። ሙስሊም ስለሆነ አልጠጣውም፤ አሽትቶ «እንደ ወትሮው የማይረባ ነው» ብሎ መለሰው። ከዚያን ቀን ወዲህ ፔላጂ ሳምቦን በዋዛ አትሰድብም። ጥሩ ጥሩውን ስድብ ለእሱ ታስቀምጣለች።

በአንድ ዓመት ደግሞ የሳምቦ ኮርማ ግቢዋ ገብቶ ሁለት ገንዳ አተላ ጨረሰ። ሰክሮ ሲወጣ የመንደሩን ሹም የግቢ አጥር ገፍቶ ጣለ። ሽማግሌዎቹ ለቅጣት ሲመክሩ ፔላጂ ወደ ሰፈሩ ወረደች።

«ሳምቦ! ከቤትህ ሁሉ ጥሩ ነገር የሚያውቅ አንድ ኮርማ ብቻ ነው፤ እሱንም በውሃ አሳደግኸው!»

«ባል አጥተሽ ኮርማዬን በመጠጥ ልትወስጂብኝ ነበር?»

ከሰዓት በኋላ የሳምቦ ልጆች ጭቃ እየረገጡ አጥሩን ሠሩት። ነገሩ በዚያው አለቀ። ላም እርሻ በገባ ቁጥር የሚጠራው መጀመሪያ ፔላጂ፣ ቀጥሎ ሹሙ፣ በመጨረሻ የገጠር ፖሊሱ ጃንደርማ ነበር፤ ወደ ሦስተኛው የደረሰ ነገር ግን አናስታውስም። ከእኛ ወደ ሰሜን ባለው አገር በአንዲት ላም ሰበብ መንደር እንደተቃጠለ በሬዲዮ እንሰማለን። ከዚያ ሸሽተው የመጡ ሦስት ቤተሰቦችም እኛው ዘንድ ተጠግተዋል። ስለዚህ የፔላጂን ምላስ እንደ ጨዋታ ብቻ አናየውም ነበር።

ኮሮና በመጣበት ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ገበያው ተዘጋ። ዶሎ በአንድ ቅል እየተቀባበሉ የሚጠጣ ነገር ነውና የዶሎ ዳሶችም ተዘጉ። መጨባበጥ ቀረ። በየበሩ ቧንቧ ያለው ባልዲ ከነሳሙናው ተቀመጠ። ወደ ኮትዲቯር የሚያሻግረው ድንበር ሲዘጋ፣ በበጋው ሣር ፍለጋ ወደ ደቡብ የወረደው የሳምቦ መንጋ ከኬላው ተመለሰ። ሁለት መቶ ከብት በደረቀው ወንዝ ዳር ቆሞ ዝናብ ይጠብቅ ጀመር።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያን ያህል አልከፋም። ፔላጂና ኩምቦ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ይሰዳደቡ ነበር።

«ኩምቦ፣ ማስኩ እንዴት ያምርብሻል! ምነው ከሠርግሽ ቀን ጀምሮ ባደረግሽው!»

«ያንቺ ግን አልጠቀመም። ሽታው ያልፋል።»

ግንቦት መጨረሻ ላይ የፔላጂ ልጅ በከተማ ወለደች። ፔላጂ በጭነት መኪና ሄዳ አራሷን አይታ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን የመኪናው ሾፌር በበሽታው መያዙ ተሰማ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ራስማታ፣ እኛ ማጆር የምንላት ነርስ፣ በሞተር ብስክሌቷ መጥታ ከበሩ ውጭ ቆመች።

«ታንቲ፣ አሥራ አራት ቀን ከግቢ አይወጡም። ሰውም አይገባም።» በዕድሜ የገፋችን ሴት ሁሉ እዚህ ታንቲ ነው የምንላት።

«እኔ እኮ ምንም አላመመኝም፣ ልጄ።»

«ለዚህ ነው እዚህ የማስቀምጥዎት። ቢያምዎትማ ይዤዎት እሄድ ነበር።»

«ለፉላኒዎቹ ብቻ ባስተላልፍስ?»

«ታንቲ!»

«እሺ። አሥራ አራት።»

ከቃሏ ንቅንቅ አላለችም። ከግድግዳው ማዶ የሰማንያ ስድስት ዓመት አማቷ ትኖራለች፤ ፔላጂ ከማንም በፊት ያሰበችው እሷን ነበር። የእህቷ ልጅ ገንፎውን በሩ ላይ እያስቀመጠች ትሄዳለች፣ ፔላጂም ብቅል እየለቀመች ቀን ትቆጥራለች።

በስድስተኛው ቀን ማለዳ፣ የዓመቱ ሁለተኛ ዝናብ ባባራ ጊዜ፣ ሰባት የሳምቦ ላሞች ከመንጋው ተነጥለው የዜዙማን በቆሎ ገቡበት። በቆሎው ገና ስንዝር ያህል ነበር። የእርሻው አንዱ ጠርዝ እስኪላጭ ድረስ በሉት።

ዜዙማ የላዛር ታናሽ ወንድም ነው። አናጢም ገበሬም ነው፤ መንደሩ ውስጥ ያሉት ጥሩ በሮች ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። ዝምተኛ ነው። ስድብ አይሆንለትም፤ ፉላኒ ሲያገኝ ፈገግ ብሎ ያልፋል፣ ፉላኒዎቹም ፔላጂ የምትለውን በእሱ ስም እንደተባለ ይቆጥሩለታል። በዚያ ሰሞን ግን ማስክ ስላደረገ ፈገግታው አይታይም። ከዚህም ሌላ፣ ሬዲዮ አድማጭ ነው። በሬዲዮ ማታ ማታ አንድ ሰውዬ «በዚህ አስቸጋሪ ወቅት ከጎረቤት ማኅበረሰቦች ጋር በጨዋነትና በመከባበር እንነጋገር» ይል ነበር። ዜዙማ ይህን ከልቡ ተቀብሎታል።

ሳምቦ የላሞቹን ጥፋት እንደሰማ ወደ ዜዙማ ግቢ መጣ። በኋላ እንደነገረን፣ መንገዱን ሁሉ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር። «የላም ሌባ» ቢለው የሚመልሰው አለው፤ «ሎሌ» ቢለውም አለው። ከበሩ አራት እርምጃ ርቆ ቆመ።

«እንደምን አደሩ፣ አባታችን ሳምቦ?» አለ ዜዙማ። «ቤተሰቡ ደኅና ነው? ከብቱስ?»

ሳምቦ ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ። ማንም አልነበረም።

«ዜዙማ፣ ላሞቼ በቆሎህን በልተዋል።»

«አይቻለሁ። ያጋጥማል። ፀሐዩ በረታ፤ እባክዎን ይቀመጡ።» ወደ ቤት ገባና ወንበር ይዞ ወጣ። ራሱ የሠራው፣ መደገፊያ ያለው፣ ለእንግዳ ቄስ የሚያወጣው ወንበር ነበር። መሬቱ ላይ አስቀምጦ፣ አቧራውን በእጁ ጠርጎ፣ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

በዳንኮሮሶ ታሪክ ቦቦ ለፉላኒ ወንበር አውጥቶ አያውቅም። ፉላኒ ቦቦ ቤት ሲመጣ «ሎሌ መሬት ይበቃዋል» ይባላል፤ እሱም «መሬቱ ከቤትህ ይሻላል» ብሎ ይቀመጣል። ሳምቦ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ስለ ካሣው እንደሚያስብበት ተናገረና ሄደ። ዜዙማ እስከ መንገዱ ሸኘው።

ሰፈር እንደደረሰ ኩምቦ ጠየቀችው።

«ምን ብሎ ሰደበህ?»

«አልሰደበኝም። ወንበር አወጣልኝ።»

«ማን? ዜዙማ?»

«አባታችን አለኝ። ከብቱ ደኅና ነው ወይ አለኝ። በቆሎውን የበላበትን ከብት!»

ኩምቦ የያዘችውን የወተት ቅል መሬት አስቀመጠች። «እንግዲያው ቆርጧል» አለች። «ሰው የሚጠላውን ነው እንዲህ የሚያከብረው። ፔላጂስ?»

«ፔላጂም ድምፅዋ ከጠፋ ስድስት ቀኗ ነው።»

በማግስቱ ሰፈሩ ሁለት ሽማግሌዎችን ለሽምግልና የሚሰጠውን የኮላ ፍሬ አስይዞ ላከ፤ በተቻለ መጠን በክብር መመለስ አለብን ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ በቀልድ ፋንታ በቁርዓን መምህሩ የተጻፈ የይቅርታ ደብዳቤ አነበቡ። አሁን ደግሞ የደነገጠው መንደሩ ነው። መንደሩን በጠመንጃ የሚጠብቀው የአዳኞች ማኅበር ወጣቶች በመንደሩ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ።

«ፉላኒ ይቅርታ የጠየቀበት ቀን አለ?» አለ አንዱ።

«በጽሑፍ ደግሞ!» አለ ሌላው። «ሰዎቹ አንድ ነገር አስበዋል።»

ሹሙ የምስጋና ቃል መልሰው ላኩ፣ በመጨረሻውም ረጅም ምርቃት ጨመሩበት። ሰፈሩ ከዚያ የሚረዝም ምርቃት ላከ። በሦስት ቀን ውስጥ በመንደሩና በወንዙ መካከል ያን ያህል ክብር ስለተመላለሰ ሰው ሁሉ ፈርቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን ይዘጋ ጀመር። የኩምቦ ወተት ቀረ። አዳኞቹ ጠመንጃቸውን ይዘው እርሻ ዳር መቀመጥ ጀመሩ። ሳምቦ በበኩሉ ዓርብ ማለዳ ከብቱን፣ ቤተሰቡን፣ ዕቃውን ይዞ ወደ ምዕራብ ሊሄድ ወሰነ። የምዕራቡ መንገድ ባለፈው ወር ሁለት እረኞች ተገድለው የተገኙበት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳምቦም ያውቃል። ሌላ የተከፈተ መንገድ ግን አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኩምቦ ወደ ፔላጂ ግቢ መጥታ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ለፔላጂ ዘጠነኛ ቀኗ ነበር።

«እንደምን ዋልሽ፣ ፔላጂ እህቴ።»

ፔላጂ ከብቅሉ ላይ ቀና አለች። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ልሰናበትሽ ነው የመጣሁት። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ተቀምጠናል። ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅር በይኝ።»

«ያስቀየመኝ ወተትሽ ነው። ምን ሆነሻል አንቺ ሴት? በሽታው ያዘሽ እንዴ?»

ኩምቦ አልሳቀችም። «ዜዙማ ለሳምቦ ወንበር አወጣለት» አለች።

«ወንበር?»

«ከነመደገፊያው።»

ፔላጂ ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ አወረደች። ኩምቦ የቀረውን፣ ላሞቹን፣ ደብዳቤውን፣ ምርቃቱን፣ የምዕራቡን መንገድ፣ በተራ ነገረቻት። የእህቷ ልጅ ገንፎ ስታመጣ ይህን ሁሉ ደብቃት ነበር፤ ታንቲ ከሰማች ከግቢ ትወጣለች ብላ ፈርታ።

«ያ ገልቱ!» አለች ፔላጂ በመጨረሻ። «ጨዋ ልሁን ብሎ ነው እኮ። ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ላዛር ያውቅ የነበረውን ስድብ ግማሹን እንኳ አልወረሰም።»

«ሳምቦ አያምንም። አንቺም ዘጠኝ ቀን ዝም አልሽ።»

«ታስሬ ነዋ!»

«ኮሮና ነው አሉን። እኛ ቂም መስሎን ነው።»

«ቂም ብይዝ ዝም የምል ይመስልሻል? ሂጂ፣ ነገ አትሄዱም በይው።»

«ምንጣፎቹ ተጠቅልለዋል» አለች ኩምቦ። «አህዮቹም ለነገ ተከራይተዋል።» ከዚያም ጥቂት አመንትታ «ደኅና ሁኚ» ብላ ሄደች።

ፔላጂ ማጆር ራስማታን አስጠራች።

«አንድ ሰዓት ብቻ ልውጣ፣ ልጄ። ሄጄ ሰድቤያቸው እመለሳለሁ።»

«አሥራ አራት ማለት አሥራ አራት ነው፣ ታንቲ። ዘጠኝ ላይ ነን።»

«የሞሲ ጎሳ ልጅ አይደለሽ? ሳሞ የሚባሉ የቀልድ ዘመዶች የሉሽም?»

«አሉኝ፤ መድኃኒት ቤት የሚሠራው ሳሞ በየቀኑ ያበሽቀኛል።»

«አንድ ቀን እንደምን አደርሽ ማጆር ብሎ ወንበር ቢያወጣልሽስ?»

ራስማታ አሰበች። «መድኃኒቱን ሰርቋል እላለሁ» አለች።

«አየሽ?»

«ቢሆንም አይወጡም።»

«እሺ፣ እኔ ልታሰር። ድምፄም ታስሯል?»

ራስማታ ቀና ብላ ቤቱን አየች። የእኛ ቤቶች ጣሪያቸው ዝርግ ነው፤ እህል እናሰጣባቸዋለን፣ በሙቀት ጊዜ እንተኛባቸዋለን። የከብቶቹ መንገድ ደግሞ ከፔላጂ ቤት ጀርባ ያልፋል። ራስማታ ከሞተሯ ሳጥን ሜትር አውጥታ ከግድግዳው ሥር እስከ መንገዱ ለካች። ሃያ ሦስት ሜትር ከስልሳ ሆነ። ከዚያም ጥቂት አቧራ አንስታ ለቀቀች፤ ነፋሱ ከመንገዱ ወደ ቤቱ ነበር።

«ነገም ነፋሱ እንዲህ ከሆነ ጣሪያው ላይ ማስክዎን ያወልቁ» አለች። «ከዞረ ይወርዳሉ።»

ዓርብ ማለዳ ነፋሱ አልዞረም። የሳምቦ ሰዎች መጡ፤ ከፊት አህዮች ምንጣፍና ድስት ተጭነው፣ ከኋላ ከብቱ፣ በመጨረሻ ሳምቦ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ። መንደሩ በሙሉ በየጣሪያው ላይ ነበር። ዜዙማ ከመንገዱ ዳር ቆሟል፤ በአጠገቡ ሰባት አዳኞች ጠመንጃ ይዘዋል። ዜዙማ ሊሸኛቸው ነበር የመጣው። አዳኞቹ ለምን እንደመጡ ማንም አልጠየቀም።

ፔላጂ የዶሎ መቅጃውን ቅል ይዛ ጣሪያው ጫፍ ላይ ወጣች።

«ሳምቦ ሲዲቤ! አንተ የላም ጭራ! ማንን አስፈቅደህ ነው የምትሄደው?»

መንጋው ቆመ። ሳምቦም ቆመ።

«ዘጠኝ ቀን ብታሰር ጌታ የሆንክ መሰለህ? ወንበር ላይ ተቀመጥክ አሉ! ቂጥህ ምን አለ? አልደነገጠም?»

ልጆቹ ሳቁ። ትልልቆቹ ሳምቦን ያዩ ነበር።

«ፔላጂ» አለ ሳምቦ። «አንቺን አውቅሻለሁ። ድምፅሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ላሞቼ የበሉት ያንቺን በቆሎ አይደለም።» ዱላውን ወደ ዜዙማ ዘረጋ። «እኔ መስማት የምፈልገው የዚህን ሰው አፍ ነው።»

ሁሉም ወደ ዜዙማ ዞረ። ዜዙማ ወደ መሬት አየ።

«ዜዙማ!» አለች ፔላጂ። «አፍህን ክፈት!»

«ምን ልበል?»

«የመጣልህን!»

ዜዙማ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደ።

«ማስክ!» ብላ ማጆር ራስማታ ከሞተሯ ላይ ጮኸች።

መልሶ አጠለቀው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከአዳኞቹ አንዱ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ከከብቶቹ ዘንድ አንድ የሳምቦ ልጅ አይቶት ዱላውን ጠበቅ አደረገ። ጥጃ ጮኸ።

«አንተ…» አለ ዜዙማ። «አንተ… ወተት ጠጪ።»

ዳንኮሮሶ ውስጥ ወተት የማይጠጣ ሰው የለም። አዳኞቹ እግራቸውን አዩ።

«ረጅምም ነህ» አለ ዜዙማ። «በጣም ረጅም።»

«ይኸው ነው?» አለ ሳምቦ።

«ለዛሬ ይኸው ነው።»

የሳምቦ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማስክ ስላደረገ ምን እንደሆነ አልታወቀም፤ መጀመሪያ የገባት ኩምቦ ናት፣ ቅሉን በጭንቅላቷ ላይ እንደተሸከመች መሳቅ ጀመረች። ሳምቦ ዱላውን ጥሎ መንገዱ መካከል አቧራው ላይ ተቀመጠ፣ ፉላኒ ቦቦ ደጃፍ እንደሚቀመጠው።

«ስልሳ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «እንዲህ ያለ መናኛ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። በቆሎህ እንኳ ካንተ የተሻለ ይናገራል፣ ዜዙማ። ላሞቼ የበሉት አሳዝኗቸው ነው። ይህን ሰው እንዲህ እንዳለ ጥዬው ብሄድ ማን ያስተምረዋል?»

«እኔማ ተስፋ ቆርጬአለሁ!» አለች ፔላጂ ከላይ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። አዳኞቹ የሳምቦን ልጆች ሰደቡ፣ ልጆቹ አዳኞቹን ሰደቡ፤ አንድ አዳኝ ጠመንጃው የአያቱ መሆኑን፣ ከአያቱም ጊዜ ጀምሮ እንደማይተኩስ ተነገረውና ዶሮ ሊያስቀጣው በሚችል ደረጃ ተበሳጨ። ዜዙማ ራሱ አንድ አህያ ያዘና ጭነቱን ማውረድ ጀመረ።

የካሣው ነገር አህዮቹ ተራግፈው ሳያልቁ ተቆረጠ። ከብቱ ራሱ በበላው የእርሻ ጠርዝ ላይ አሥር ሌሊት አድሮ በእበቱ ያዳብረዋል፤ ከዚያ ዜዙማ እዚያው ላይ እንደገና ይዘራል፣ ዝናቡ ገና ነውና። በዚያ ዓመት የዜዙማ እርሻ በአንድ ጠርዙ ላይ ከሌላው ሁሉ ከፍ ያለ በቆሎ አፈራ። ሳምቦ ላሞቼ በየዓመቱ ይምጡልህ ወይ እያለ እስካሁን ያስቸግረዋል።

ሳምቦ ወደ ሰፈሩ ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር ጨመረ።

«ወንበሩንስ?» አለ።

«የቱን ወንበር?» አለ ዜዙማ።

«የሰጠኸኝን።»

«ለመቀመጥ ነው እንጂ ለመውሰድ አልሰጠሁህም።»

«ቦቦ የሰጠውን ይነጥቃል እንዴ? ፔላጂ፣ ይነጥቃል?»

«ይውሰደው!» አለች ፔላጂ። «ላሙ ትቀመጥበታለች።»

በአሥራ አራተኛው ቀን ማጆር ራስማታ የፔላጂን ሙቀት ለካችና ለቀቀቻት። ፔላጂ በመጀመሪያ አማቷን በር ላይ ቆማ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደች። ኩምቦ ወተት ይዛ ጠበቀቻት፤ ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ፔላጂም አንስታ ጠጣች። «ዛሬ ውሃው ትንሽ ነው» አለች። «ምነው፣ ወንዙ ደረቀ?»

ገበያው በዚያው ክረምት ተከፈተ፤ ድንበሩ ብዙ ቆየ። በዚህ መካከል ላሞች ስድስት ጊዜ ያህል እርሻ ገብተዋል። ፔላጂ ዛሬም ትጠራለች፤ ግን ሁልጊዜ ብቻዋን አትሄድም። ጉልበቷ ያማታል፣ ደግሞም ሌሎች ይለማመዱ ትላለች።

ወንበሩ እስካሁን ሰፈሩ ውስጥ ነው። ሳምቦ ጥጃ ያስርበታል። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፦ ዜዙማ ኩምቦን የሚያስቅ አንድ ስድብ ይዞ ከመጣ ወንበሩን ይወስዳል። ዜዙማ በየዓርቡ ማለዳ ይወርዳል፣ የተዘጋጀበትን ይናገራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ፔላጂን አስተምሪኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለምኗታል፤ እሷ ግን እንቢ አለች። ባለፈው ዓርብ ስለ ሳምቦ ጥጃ ጆሮ አንድ ነገር ተናግሮ ኩምቦ አፏን በነጠላዋ ይዛ «እህ» የሚል ድምፅ አሰማች። ዜዙማ ሳቀች አለ። ሳምቦ አልሳቀችም አለ። ክርክሩ ስላልተቋጨ ማጆር ራስማታ ተጠርታ መጣች፤ የኩምቦን ደረት ከፊትም ከኋላም አዳመጠችና ሳል ነው ስትል ፈረደች።